ጠብታ የምትቆጥር መቆንጠጫ

ሰው ሁሉ ሽቦ ይለኛል። ስሙን ያወጡልኝ ቅጥነቴን አይተው ነው፤ እኔ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብዬዋለሁ። የስልክ ጥገና ሱቄ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አምፖልና ሁለት በርጩማ ስታስገባ ትሞላለች፤ ሦስተኛ ሰው ከመጣ አንዳችን መውጣት አለብን። መስኮት የላትም። ትምህርቴን ያገኘሁት ከሞተ ዕቃና ከስልክ ቪዲዮ ነው። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ስልካቸው ውሃ ሲገባበት እየሮጡ ይመጣሉ፤ እኔም ጠብቁ እላቸዋለሁ። መጠበቅን ዩኒቨርሲቲ አያስተምርም።

ያሳደገችኝ አክስቴ በከተማችን ትንሽ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት። ሥራ ከጀመረች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራት። ምሳ ላደርስላት በሄድኩ ቁጥር የማገኛት በአንድ ዓይነት ሁኔታ ነው፤ ከአንዱ ሕፃን ግሉኮስ ሥር ቆማ፣ የእጅ ሰዓቷን ፊቷ ላይ ደቅና፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጠብታ ስትቆጥር። ዶክተሯ በደቂቃ ይህን ያህል ጠብታ ይግባ ብላ ታዛለች፤ አክስቴ ደቂቃውን ሙሉ ቆማ ትቆጥራለች፤ ከበዛ የቱቦውን ማጥበቂያ ታጠብቃለች፣ ካነሰ ታላላለች፣ ከዚያ እንደገና ትቆጥራለች። አልጋው አሥራ ስምንት፣ ነርሱ ሁለት። ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ እያለች አንዷ እናት ጋወኗን ትጎትትና ልጄ አስመለሰ ትላታለች። መጣሁ እናቴ ብላ ትሄዳለች። ስትመለስ ቁጥሩ የለም፤ ከአንድ ትጀምራለች።

ግሉኮሶቹ የሚሰቀሉት በፋሻ ታስረው በመስኮቱ ፍርግርግ ላይ ነው። ማንጠልጠያ ብረቶቹ ጥግ ተደርድረው ፎጣ ይሰጣባቸዋል። ለምን ብላት ብርሃኑ ይሻላል አለችኝ። የድሮ ሰው አመል ነው ብዬ አለፍኩት።

ግሉኮስን በልክ የሚያስገቡ ሦስት ማሽኖች ሆስፒታሉ አሉት። ዕቃ ቤት ውስጥ ላስቲክ ለብሰው ተኝተዋል። በእርዳታ የመጡ ናቸው። ሰው ተበላሹ ይላል፤ አልተበላሹም፣ ኩሩ ናቸው እንጂ። ከራሳቸው ፋብሪካ ቱቦ በቀር ሌላ ቱቦ አይቀበሉም፣ የእነሱ ቱቦ ደግሞ ካለቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። ኩራትን እኔ አውቃታለሁ፤ በሽታዋንም መድኃኒቷንም። ስለዚህ የትኛውንም ቱቦ የማትንቅ ነገር እሠራለሁ ብዬ ተነሳሁ።

መነሻዬ የልብስ መቆንጠጫ ነበር። በአንደኛው መንጋጋ ላይ ከሞተ የቴሌቪዥን ሪሞት የነቀልኳትን መብራት አደረግኩ፤ ብርሃኗ ለሰው ዓይን የማይታይ ነው። በሌላኛው ላይ ከተጣለ የኮምፒውተር ማውስ ያወጣኋትን፣ ያንን ብርሃን የምታይ ትንሽ ዓይን አጣበቅኩ። መቆንጠጫዋ ጠብታ የሚወርድባትን የፕላስቲክ ብልቃጥ ከውጭ ትነክሳለች። ጠብታ ስትወርድ ብርሃኑን ለቅጽበት ትቆርጣለች፣ ዓይኒቱ ታያለች፣ ከቁጥሩም በደቂቃ ስንት እንደሚገባ ይታወቃል። ፈሳሹን አትነካ፣ ልጁን አትነካ። ዋጋዋ ከአንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ አይበልጥም።

የመጀመሪያዋን ከሒሳብ ማሽን ጋር ነበር ያገናኘኋት፤ ጠብታ በወረደች ቁጥር አንድ ትደምራለች። በጣም ኮራሁባት። አክስቴ ግማሽ ሰዓት አይታት፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ትላለች፣ ታዲያ ልጁ ይቸኩል ወይስ ይዘግይ ብላ ጠየቀችኝ። ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ። ሁለተኛዋ ፍጥነቱን በራሷ አስልታ የምታሳይ፣ ከታዘዘው ካለፈ ወይም ከቆመ የምትጮህ ሆነች። ያማረች የስልክ ስክሪን ገጠምኩላት። አክስቴ ራቅ አድርጋ አየቻት፣ ቀረብ አድርጋ አየቻት፣ ከዚያ ቆንጆ ናት ግን ቁጥሩን አተልቂው አለችኝ። ስክሪኔን አውልቄ ከተሰበረ የግድግዳ ሰዓት አውራ ጣት የሚያካክሉ ቀያይ ቁጥሮች አመጣሁ። አኩርፌ ነው የገጠምኳቸው። ውበቷን አጠፋችብኝ ብዬ።

ስድስት ሳምንት ሙሉ ሱቄ ውስጥ ውሃ ሰቅዬ ሞከርኳት። አንዲት ጠብታ እንኳ አልሳተችም። አክስቴ ለዶክተሯ ነገረቻት፤ ዶክተሯ ጠራችኝ። ቀጭን፣ ንግግሯ አጭር፣ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እንኳ ለመነሳት የተዘጋጀች ሴት ናት። ሁኔታዎቿን ነገረችኝ። የምንሞክረው በቀን እንጂ በሌሊት አይደለም፤ በሦስት ልጆች ላይ፤ ነርስ ጎን ለጎን በዓይኗ ትቆጥራለች፤ መቆንጠጫዋ የምትቆጥር እንጂ የምታዝ አይደለችም፤ ስህተት ከታየባት ትወጣለች። የሆስፒታሉ የመሣሪያዎች መሐንዲስም በሙቀቱ መሃል ክራባቱን እስከ ጉሮሮው አጥብቆ ተቀምጦ ነበር። አገላብጦ አያትና ይቺ የሕክምና መሣሪያ አይደለችም፣ የልብስ መቆንጠጫ ናት አለ።

«ልክ ነዎት» አልኩት። «የሕክምና መሣሪያዎቹማ የእርስዎ ሦስቱ ናቸው። ለዚህ አይደል ላስቲክ ለብሰው የሚያንኮራፉት?»

ዶክተሯ መስኮቱ መስኮቱን አየች። መሐንዲሱ ቱቦ አምጡ እያለ ስንት ደብዳቤ እንደጻፈ መዘርዘር ጀመረ፤ ያን ጊዜ ትንሽ አዘንኩለት፤ ግን ብዙ አይደለም።

በሙከራው ቀን ጠዋት ሦስት መቆንጠጫዎች ሦስት ብልቃጥ ነከሱ። የአክስቴ ባልደረባ፣ ወጣቷ ነርስ፣ ሰዓቷን ይዛ ቆጠረች፤ ሠላሳ ሁለት። የእኔዋም ሠላሳ ሁለት። አርባ አምስት፤ አርባ አምስት። በክፍሉ ውስጥ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። እናቶቹ ሳይቀሩ ቁጥር እያነበቡ አንዷ ለሌላዋ ያንቺ ፈጠነ፣ የእኔ ልከኛ ነው መባባል ጀመሩ። ሰው በሠራው ነገር እንዲህ ደስ ሊለው እንደሚችል አላውቅም ነበር፤ አፌ ብቻውን ይስቃል።

አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ጣሪያ በላይ ወጥታ ቀጥ ብላ በመስኮቱ ገባች። ሦስቱም ዜሮ አሉ። ሦስቱም በአንድ ላይ ጮኹ። ሕፃናቱ ተከተሏቸው። እኔ ጩኸቱን ለማጥፋት ከአልጋ አልጋ ስራወጥ መሐንዲሱ ጎንበስ ብሎ ብልቃጧን ተመለከተ።

«ጠብታው እየወረደ ነው። ያንቺዋ ናት ማየት ያቆመችው» አለኝ።

ወዲያው ገባኝ። የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያ የማይታየው ብርሃን ሞልቷል፤ ዓይኒቱ በእሱ ታወረች። እኔ ስድስት ሳምንት የሞከርኩት መስኮት በሌላት ሱቅ ውስጥ፣ በአንድ አምፖል ሥር ነበር። የሠራሁት ለሱቄ ነው እንጂ ለዚህ ክፍል አልነበረም። ሰው ቱቦ በሌለበት ቱቦ የሚፈልግ ማሽን ላከ ብዬ ስሳለቅ ከርሜ እኔም ያንኑ አደረግኩ።

ዶክተሯ ሰዓቷን አየች። ስህተት ከታየ ትወጣለች ብዬ ነበር አለች፤ ቀጥላ ግን እስከ ስምንት ሰዓት አስተካክዪ፣ ከዚያ በኋላ ግን አልሰማሽም አለችኝና ወደ ሌላ ክፍል ሄደች። መሐንዲሱ ቀላል ነው፣ ግሉኮሶቹን ከመስኮቱ አንስተን ከግድግዳው በኩል በብረቶቹ ላይ እንስቀላቸው አለ። እንዴት ሳላስበው ብዬ ፎጣዎቹን አራግፌ አንዱን ብረት ያዝኩ። አክስቴ በሌላኛው ጫፍ ያዘችው።

ከመስኮቱ አይነሱም አለች። ለምን አልኳት። አይነሱም ብያለሁ አለች። ያላለቀሰ ልጅ በሌለበት፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ ስድስት ሳምንቴ ከዓይኔ ሥር እየሞተ፣ ምላሴን አልያዝኳትም።

«እንሽላሊት ይመስል ፀሐይ ላይ ምን ያጣብቅሻል እትዬ?» አልኳት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ወጣቷ ነርስ አንገቷን ደፋች። አክስቴ ብረቱን ለቀቀች። የእጄን አንጓ ይዛ አንሶላ ወደሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል አስገባችኝና በሩን ዘጋችው።

«በዚያ ብርሃን ካልሆነ ጠብታው አይታየኝም» አለችኝ።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው። በመጀመሪያ መነጽሯን ቀየረች፤ አልሆነም። ዓይኗ ላይ ጉም ነገር አለ። በፀሐይ ፊት ሲሆን ግን ጠብታዋ እንደ ዶቃ አብርታ ስለምትወርድ ትቆጥራታለች። ስለዚህ ሁሉንም ወደ መስኮቱ አመጣቻቸው፤ ለወጣቶቹም ብርሃኑ ይሻላል ብላ አስተማረቻቸው። ፀሐይ በሌለበት አንድም ልጅ ላይ ቆጥራ አታውቅም፤ ይህን ሁለት ጊዜ ደጋግማ ነገረችኝ። ዶክተሯ ካወቀች ካርድ ክፍል ነው የምትወስደኝ አለች። ሥራውን ፈርቼ እንዳይመስልሽ፣ ግን ከነዚህ ልጆች ለይተው ወረቀት ሲያስደረድሩኝ ይታይሻል አለችኝ።

ይህችን ሴት ነው እንሽላሊት ያልኳት። ይቅርታ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። ለዚህ ነው ቁጥሩን ያስተለቅሽኝ አልኳት። አዎ አለች። ማፈር ሲገባኝ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ዘለለ። መቆንጠጫዬ ጌጥ አይደለችማ። ዓይን ናት። እስከዚያ ሰዓት ድረስ መሐንዲሱን ለማናደድ ነበር የምፈልጋት፤ አሁን ግን መሥራት ግዴታዋ ሆነ። ለማንም አልናገርም ብዬ ማልኩላትና ወጣሁ።

ዕቃ ቤት ውስጥ ከመሐንዲሱ ጋር ተፋጠጥን። እኔ ብልቃጧን በብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ በጥቁር ከመነዳሪ፣ ጠቅልዬ ፀሐይ ላስከልላት አልኩ፤ ለዶክተሯ ልኬ ብጠይቃት ነርስ በዓይኗ ማየት የማትችለውን ነገር ልጅ ላይ አላደርግም አለች። ልክ ናት፤ ያናደደኝም ልክ መሆኗ ነው። የከመነዳሪውን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

መሐንዲሱ መቆንጠጫዋን አንስቶ ወደ መብራቱ አስጠጋና፣ የሪሞት መብራት ናት አይደል አለኝ። ናት አልኩት። የቴሌቪዥን ሪሞት ፀሐይ በገባበት ሳሎን ውስጥ ለምን አይታወርም አለኝ።

ደሜ ፈላ። መልሱን ስለማላውቅ ሳይሆን ስለማውቀው። ሪሞት ብርሃኑን እንዲሁ አያበራም፤ በጣም በፍጥነት ያርገበግበዋል፤ ቴሌቪዥኑ የሚሰማው የሚርገበገበውን ብቻ ነው፣ ፀሐይ ደግሞ አትርገበገብም። ሃምሳ ሪሞት ፈትቻለሁ። መብራቷን ነቅዬ ስወስድ እንዴት ትኖር እንደነበር አልጠየቅኳትም።

ላፕቶፔን ከፈትኩና መብራቷን እንድታበራ፣ እንድታጠፋ፣ ሲበራ ካየችው ላይ ሲጠፋ ያየችውን እንድትቀንስ አድርጌ ጻፍኩት። የቀረው የራሷ ብርሃን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ መቆንጠጫዋን ገልብጦ ዓይኒቱ ጀርባዋን ለመስኮቱ እንድትሰጥ አደረጋት፤ ይህ ደግሞ የየትኛው ዲግሪ ትምህርት እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ወደ ውጭው ደረጃ ወጥተን፣ ጠራራ ፀሐይ ውስጥ፣ ውሃ የሞላ ከረጢት ከደረጃው መደገፊያ ላይ ሰቀልን። አርባ። እሱ በዓይኑ ቆጠረ፤ አርባ። ጎተትኳት፣ አዞርኳት፣ እጄን አወዛወዝኩባት። አርባ።

«አንተ፣ ሠራች እኮ» ብዬ ትከሻውን መታሁት። ከእርስዎ ወደ አንተ እንደወረድኩ ሁለታችንም ያወቅነው ዘግይተን ነው። ክራባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተው።

እየሮጥን ተመለስን። ወደ ስምንት ሰዓት እየተጠጋ ነው። ሦስቱን መስኮቱ ላይ ያሉትን ብልቃጦች እያስነከስን ሳለ አንዲት እናት ልጇን በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛ ገባች። የሁለት ዓመት ልጅ ነው ተባለ፤ የሚያክለው ግን የአንድ ዓመት ልጅ ነው። ሆዱ እየፈሰሰ ሦስት ቀኑ። ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ለቅሶው እንባ የለውም። ዶክተሯ እየተጣደፈች መጣች።

ደም ሥሩን ማንም አላገኘውም። አክስቴ አቀፈችውና የእግሩን ጀርባ በጣቷ ዳሰሰች፤ ደም ሥር የምትፈልገው በዓይኗ አይደለም፣ በዓይኗ ፈልጋም አታውቅም። በመጀመሪያው ውጋት አገኘችው። መስኮቱ ግን ሞልቷል። ግሉኮሱ ከግድግዳው በኩል፣ በጥላው፣ በብረቱ ላይ ተሰቀለ። ዶክተሯ በደቂቃ አርባ ጠብታ፣ ከዚያ እንዳያልፍ አለች። እንዲህ ለከሳ ልጅ ውሃ በፍጥነት ከገባ ልቡ አይችለውም፤ ሊታደገው የመጣው ውሃ ራሱ ይገድለዋል። ይህን ብላ ደረቱን ለማዳመጥ ጎንበስ አለች።

አክስቴ ሰዓቷን ፊቷ ላይ ደቀነች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሁላችንም እያየናት ነው።

«አርባ» አለች።

እኔ በዚያው ቅጽበት ከሦስቱ ጋር ያስተካከልኳትን መጠባበቂያ፣ አራተኛዋን መቆንጠጫ፣ ብልቃጡ ላይ አስነከስኳት። ቀያዮቹ ቁጥሮች ትንሽ ዋዠቁና ሰባ ስድስት ላይ ቆሙ። ጮኸች።

ዶክተሯ ቀና አለች። አሁንም እንደገና አለችኝ፤ ልትነቅላት እጇን ዘረጋች። ማን ይፈርድባታል? በአንድ በኩል ሠላሳ ዓመት የቆጠረች ነርስ፣ በሌላ በኩል ጠዋት ስታብድ የነበረች የልብስ መቆንጠጫ። መሐንዲሱ እኔን ያየኛል፣ እኔ አክስቴን አያለሁ። ላልናገር ምያለሁ። ልጁ ይተነፍሳል፤ ጠብታው ይወርዳል። ያኔ ተናግሬ ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አልተናገርኩም።

አክስቴ የዶክተሯን እጅ ያዘች።

«አይንቀሏት ዶክተር። ልክ እሷ ናት። እኔ አልቆጠርኩም፤ ጠብታው አይታየኝም።»

 ዶክተሯ በራሷ ሰዓት ግማሽ ደቂቃ ቆጠረች። ሠላሳ ስምንት፤ እጥፉ ሰባ ስድስት። ማጥበቂያውን ልትይዝ ስትል አክስቴ ቀድማ ያዘችው፤ ዓይኗን ቀያዮቹ ቁጥሮች ላይ ተክላ ቀስ እያለች አጠበቀችው። ስልሳ ሁለት። ሃምሳ አንድ። አርባ አራት። አርባ። ጩኸቱ ቆመ። 

ከመቼ ጀምሮ ብላ ዶክተሯ ጠየቀቻት። አክስቴ አንሶላ ክፍል ውስጥ የነገረችኝን ሁሉ፣ አንድ ሳትቀንስ፣ ቆማ ነገረቻት። ዶክተሯ ሊነግሩኝ የሚገባዎትን ነገር ዓመት ሙሉ ሰወሩብኝ አለቻት፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ ለዚህ ነው የከበደው። አክስቴ አዎ አጥፍቻለሁ አለች። ከዚያ ያልጠበቅነው መጣ። ወጣቷ ነርስ ከበስተኋላ፣ እኔም ደቂቃ ሙሉ ቆጥሬ አላውቅም አለች። ሩብ ደቂቃ ቆጥሬ በአራት አባዛዋለሁ፣ ሰው ሲጠራኝ ደግሞ ግምት እጨምርበታለሁ አለች። ዶክተሯ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ስትቀመጥ ለመነሳት ያልተዘጋጀችበት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

ውሳኔዋ እንደ ንግግሯ አጭር ነው። አክስቴ በዚህ ሳምንት ዓይኗን ትታያለች። እስከዚያ መቆንጠጫ ወይም ሁለተኛ ሰው ሳይኖር ማጥበቂያ አትነካም። ካርድ ክፍል አትሄድም፤ ያንን ደም ሥር ያገኘ እጅ ካርድ አይደረድርም አለች። መቆንጠጫዎቹ በየጠዋቱ ከዓይን ቆጠራ ጋር ይመሳከራሉ፤ መሐንዲሱ መዝግቦ ይይዛል። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ለአሥራ ስምንት አልጋ ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል አለችኝ። በሳምንት ሦስት እሠራለሁ አልኩ። መሐንዲሱ እጅጌውን እየሰበሰበ፣ ካገዝኳት ስድስት አለ። የሱቄን ስፋት ነግሬው አላመነም።

ሰዓታት አልፈው አክስቴ ልጁን አቅፋው ተቀምጣ ነበር፤ ቁጥሩ አርባ ላይ እንደተቸነከረ ነው። ዓይኑ ከጉድጓዱ ትንሽ ወጣ ብሏል፤ ቀዩን መብራት ይከታተላል። ድንገት አክስቴ እንዳለች ደርቃ ቀረች። ደነገጥኩ። ቀጥሎ ነጭ ጋወኗ ላይ ቢጫ እርጥበት ሲሰፋ አየሁ። እናትየው ሲስተር ይቅርታ፣ አበላሸብዎት እያለች በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርግላት ተንደረደረች።

አክስቴ እጇን ገታቻት።

«ተይው እናቴ፣ ሸና እኮ» አለቻት። «ሦስት ቀን ያልሸና ልጅ ሸና።»

ወሬው ከአልጋ አልጋ ዘለለ። ሸና፣ ሸና ይባባላሉ እናቶቹ፤ አንዷ አጨበጨበች፣ ወጣቷ ነርስ በሁለት እጇ አፏን ያዘች፣ መሐንዲሱ በፈታው ክራባት ዓይኑን ጠረገና ላብ ነው አለኝ። ዶክተሯ ሰዓቷን አይታ ደቂቃዋን ሳታስቀር ካርዱ ላይ ጻፈች። አክስቴ ግን እርጥብ ጋወኗን እንደ ሽልማት ዘርግታ፣ ልጁን በትከሻዋ ይዛ፣ ለእያንዳንዷ እናት እየዞረች ታሳያት ጀመር።